ከቦሌ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ርቀትን፣ ጊዜንና ፍጥነትን ስናስተምር «አንድ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ» ማለት ለምደናል። ታዲያ ኮልፌ ውስጥ ለልምምድ በምንገባበት ክፍል አጎቱ ወይም አክስቱ ዋሽንግተን ያሉ ልጅ አይጠፋም። እሱ እጁን አውጥቶ ከላይ ያለውን ጥያቄ ቢያቀርብልን ምን እንመልሳለን?

በመጀመሪያ ርቀቱን እንይ። በግድግዳ ካርታ ላይ ማስመሪያ ብናስቀምጥ መስመሩ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ በኩል ይሄዳል። ምድር ግን ድቡልቡል ናት። በሉል ላይ ክር ብንወጥር ክሩ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ፣ ስፔንንና ፖርቱጋልን አልፎ አትላንቲክን ያቋርጣል። አጭሩ መንገድ ይኸኛው ነው፤ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሉል ከሌለ ኳስም ይበቃል።

ተማሪዎችን የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው። በበጋቸው ወራት ዋሽንግተን ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። አውሮፕላኑ ከዚያ በረፋዱ 5 ሰዓት ተነሥቶ በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቦሌ ደረሰ እንበል። ልጁ ዝም ብሎ ቢቀንስ 20 ሰዓት ያገኛል። ነገር ግን እዚያ ረፋድ 5 ሲሆን እዚህ ከምሽቱ 12 ነው፤ ስለዚህ ጉዞው 13 ሰዓት ነው። 11,560ን ለ13 ብናካፍል በሰዓት 889 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ይኸ ለጄት ተገቢ ፍጥነት ነው።

አሁን ደግሞ ከቦሌ በምሽቱ 4 ሰዓት ተነሥቶ ዋሽንግተን በጠዋቱ 2 ሰዓት ይድረስ። በጥሬው 10 ሰዓት ይመስላል፤ ፍጥነቱም በሰዓት 1,156 ኪሎ ሜትር! እንዴ፣ የዛሬ መንገደኛ አውሮፕላን እንዲህ አይበርም። ልዩነቱን ስንጨምር 17 ሰዓት ይሆናል። መልሱን በፍጥነቱ መፈተሽ ማለት ይኸው ነው፤ ከቀመሩ ይልቅ ይኸን ልማድ ማስያዝ ይሻላል እንላለን።

«ርቀቱ አንድ ሆኖ ሲሄድ 17፣ ሲመለስ 13 ለምን?» የሚል ከተገኘ ክፍሉ ሕያው ነው ማለት ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በከፍታው ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ተመላሹን ይገፋል፣ ሂያጁን ይቃወማል። ሁለተኛ፣ ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ የሞተሩ ኃይልና የክንፉ ማንሣት ይቀንሳል። መንገደኛና ጭነት ይዞ ለመላው መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ መነሣት ይከብዳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይጨምራል፤ ቦታው ሮምም ደብሊንም ሆኖ ያውቃል። የዋሽንግተኑ ደለስ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ሲመለስ በአንድ ትንፋሽ ይመጣል።

ለመልመጃ፦ በክረምታቸው ልዩነቱ 8 ሰዓት ይሆናል። በረፋዱ 5 የተነሣው አውሮፕላን በ13 ሰዓት በረራ ቦሌ ስንት ሰዓት ይደርሳል?