ስለ መኪና መሪ ፓምፕ፤ ሕመሙን ስለ ማወቅና ስለ መለወጥ

መኪና የሚነዳ ሰው የብዙ ነፍስ አደራ በእጁ ነው። በጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ መሪው በድንገት ቢከብደው ጉዳቱ ለእርሱ ብቻ አይደለም፤ ለተሳፈሩትና በመንገድ ዳር ለሚሄዱትም ሕፃናት ነው እንጂ። ደግሞም ሕመሙን ሳይመረምር ፓምፑን የሚለውጥ ሰው ገንዘቡን ያጠፋል፤ ሕመሙ ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ነገሩን በሥርዓት መማር ይገባል።

በጥንት መኪናዎች መሪ የሚዞረው በነጂው ክንድ ብቻ ነበር። ፍራንሲስ ዴቪስ የሚባል የአሜሪካ መሐንዲስ በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ሠርቶ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. አሳየ። ለገበያ በወጣ የቤት መኪና ላይ የተገጠመው ግን በ1951 ዓ.ም. ክራይስለር ኢምፔሪያል በሚባለው ነው። ዛሬ ከሚሠሩት አዲስ መኪናዎች ብዙዎቹ በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚታገዙ ይህ ፓምፕ የላቸውም፤ ይህ ትምህርት የሚመለከተው የዘይት ፓምፕ ያላቸውን ነው።

የፓምፑ አሠራር

ቺንጋ የሚባለው የጎማ ጠፍር ከሞተሩ ኃይል ተቀብሎ የፓምፑን መዘውር ያዞራል። በፓምፑ ውስጥ ጠርዙ የተሰነጣጠቀ ክብ ብረት አለ፤ በየስንጥቁም ስስ የብረት ምላስ ገብቷል። ብረቱ ሲዞር ምላሶቹ ወደ ውጭ እየወጡ እንደ እንቁላል የሞለለውን ግድግዳ ይታከካሉ፤ ዘይቱንም ከሰፊው ስፍራ ተቀብለው ወደ ጠባቡ እየገፉ ያስወጡታል። ዘይቱ በቱቦ ወደ መሪው ሳጥን ሄዶ ነጂውን ያግዛል፤ ከዚያም ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ምላሶቹ ካለቁ ወይም ግድግዳው ከተቦረቦረ ዘይቱ ወደ ኋላ ያመልጣል፤ ግፊቱም ይደክማል።

ሕመሙን ስለ ማወቅ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደ ተባለ፥ መርማሪው ከቀላሉ ጀምሮ ወደ ከባዱ ይሂድ።

1ኛ፤ የፊት ጎማዎችን ነፋስ ይመልከት። ነፋሱ የጐደለ ጎማ ፓምፑ ደኅና ሳለ መሪውን ያከብዳል።

2ኛ፤ ሞተሩን አጥፍቶ ዘይቱን ይመልከት። ከምልክቱ በታች ከሆነ የፈሰሰበትን ይፈልግ። አረፋ ካለው ነፋስ ገብቶበታል፤ ከጠቆረና የተቃጠለ ከሸተተ አርጅቷል፤ የብረት ብናኝ ከታየበት ግን ፓምፑ ራሱን እየፈጨ ነው።

3ኛ፤ ቺንጋውን ይመልከት። የላላ ወይም የተሰነጠቀ ቺንጋ በመዘውሩ ላይ እየተንሸራተተ ይጮኻል፤ መሪውንም ያከብዳል። ብዙ ደኅና ፓምፕ በቺንጋ ጥፋት ተጥሏል።

4ኛ፤ ድምፁን ያዳምጥ። መሪው ሲዞር የሚሰማና ሞተሩ በፈጠነ ቍጥር የሚጨምር የማልቀስ ድምፅ የዘይት ጕድለት፥ የነፋስ መግባት ወይም የፓምፕ ማለቅ ምልክት ነው።

5ኛ፤ ክብደቱን ይለይ። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ ከብዶ ሲፈጥን የሚቀልል ከሆነ፥ ቺንጋውም ደኅና ከሆነ፥ ፓምፑ ይጠረጠራል። ወደ አንድ ወገን ብቻ ከከበደ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በመሪው ሳጥን ነው።

ፍርዱን የሚያጸናው የግፊት መለኪያ ነው። መለኪያው ከነመዝጊያው በፓምፑና በቱቦው መካከል ይገባል። መዝጊያው ከ5 ሰከንድ ለማይበልጥ ጊዜ ሲዘጋ ግፊቱ ፋብሪካው ከወሰነው በታች ከሆነ ጥፋቱ የፓምፑ ነው። ሲዘጋ በቂ ሆኖ፥ መዝጊያው ተከፍቶ መሪው እስከ ዳር ሲዞር ከጐደለ ግን ጥፋቱ የሳጥኑ ነው።

ፓምፑን ስለ መለወጥ

ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የባትሪው ነጋቲቭ ሽቦ ይፈታ። መኪናው በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሰው ከሥሩ አይግባ፤ ጽኑ መደገፊያ ይደረግለት። የመመለሻው ቱቦ ተፈትቶ ዘይቱ በዕቃ ይቀዳ፤ በፍሬን ወይም በጋለ የጢስ ቧንቧ ላይ እንዳይፈስ ይጠበቅ፤ በጋለ ብረት ላይ የፈሰሰ ዘይት እሳት ያስነሣልና። ቀጥሎ ቺንጋው ይላላ፥ የግፊቱ ቱቦ ይፈታ፥ ብሎኖቹም ይውጡ። መዘውሩ ከአሮጌው ፓምፕ ወደ አዲሱ የሚዛወር ከሆነ በመንቀያና በመግፊያ መሣሪያ እንጂ በመዶሻ አይሁን፤ መዶሻ የፓምፑን ውስጥ ይሰብራል።

አዲሱ ከመገጠሙ በፊት ቱቦዎቹና ማጠራቀሚያው ይታጠቡ፤ በአሮጌው ዘይት የቀረው የብረት ብናኝ አዲሱን ያጠፋዋልና። የመጋጠሚያው ቀለበቶች በአዲስ ይለወጡ። ዘይቱ ፋብሪካው ያዘዘው ይሁን፤ ብዙዎቹ የቶዮታ መኪናዎች የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይቀበላሉ፤ ሆንዳ ግን የራሱን ዘይት ያዝዛል።

ነፋሱን ለማስወጣት የፊት ጎማዎች ከመሬት ይነሡ፤ ሞተሩ ሳይነሣ መሪው ከዳር እስከ ዳር ቀስ ተብሎ 20 ጊዜ ያህል ይዙር፤ ዘይቱም እየጐደለ ሲሄድ ይሞላ። ከዚያ ሞተሩ ተነሥቶ እንደ ገና ይዙር፤ ነገር ግን ከዳር ደርሶ ከ5 ሰከንድ በላይ አይያዝ። አረፋው ሲጠፋ፥ ድምፁም ሲያርፍ ሥራው ተፈጽሟል።

በመንገድ ላይ ስለሚደርስ ጥፋት

ፓምፑ በጕዞ ላይ ቢሞት መሪው ከጎማው አይለያይም፤ ይከብዳል እንጂ። ስለዚህ ነጂው ሳይደነግጥ በሁለት እጁ አጽንቶ ይያዝ፥ ፍጥነቱን ይቀንስ፥ ከመንገድ ዳር ይቁም። ያው ቺንጋ የውሃውን ፓምፕ የሚያዞር ሆኖ ከተበጠሰ ሞተሩ ይግላልና በቶሎ ያጥፋው።

መምህሩ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

1. የላላ ቺንጋ ስለ ምን መሪውን ያከብዳል?
2. መሪው ወደ ግራ ብቻ ቢከብድ ፓምፑን መለወጥ ይገባልን?
3. አዲሱ ፓምፕ ከመገጠሙ በፊት ቱቦዎቹ ስለ ምን ይታጠባሉ?