እሁድን ከልጆች ጋር፦ የት እንሂድ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። የ4 ዓመት ሴት ልጅና የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ብዙ ሳንነዳ የት ብናዝናናቸው ይሻላል?

መልስ፦ ምርጫውን ከትንሿ ይጀምሩ፤ እሷ ከደከማት ሽርሽሩ ለሁላችሁም አበቃ። ለእሷ ሸራተን አካባቢ ያለው ወዳጅነት ፓርክ ይመቻል፤ ለመሮጥ ሰፊ ነው።

አንድነት ፓርክም ቅርባችሁ ነው። በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው ይህ የታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ጥቁር ጎፈር አንበሶች አሉት። ታላቅየው የምኒልክን አዳራሽ ሲያይ ጥያቄ ያበዛል፤ መልስ ይዘው ይሂዱ! ቤተ መንግሥት ነውና ፍተሻ አለ፤ ዕቃ አያብዙ።

እንጦጦን ግን እኔ ለልጁ አስቀድመዋለሁ። በባሕር ዛፉ መካከል መራመዱ ብቻ ይበቃዋል። ቦታው ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ከተማው ሲሞቅ እንኳ እዚያ ይነፍሳል፤ አራት ኪሎ ፀሐይ ነው ብለው ሹራብ ትተው እንዳይወጡ። አቀበቱ ጠመዝማዛ በመሆኑ መኪና የሚያዞረው ልጅ ካለ ቁርሱን ቀለል ያድርጉለት። በክረምት ከሆነ በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አያስቀምጥም።