ትምህርት፦ ለመኪናችን የሚሻለው የፍሬን ዲስክ የትኛው ነው?

እሑድ ራውሼ ዓለቱ ፊት ለፊት ስንቀመጥ የሚያልፉትን መኪኖች ልብ ብላችኋል? በአንዳንዶቹ ቸርኬ ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የሚያብለጨልጭ ብረት ይታያል። እሱ የፍሬን ዲስክ ነው። አንዲት እኅታችን፣ «ወንድሜ በላክሁለት ብር በገዛው ኮሮላ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ሰው ያመላልሳል። አሁን ባለ ቀዳዳ ዲስክ ላኪልኝ አለኝ፤ ልላክለት?» ብላ ጠየቀችን። ብዙዎቻችን መኪና ባንነዳም ከፋዮቹ እኛ ነንና ነገሩን ብናውቀው ይጠቅመናል።

1. ዲስክ ምን ይሠራል?

ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ ግፊቱን ያደርሳል፤ ሸራዎቹም ዲስኩን ግራና ቀኝ ይጨብጡታል። የመኪናው ሩጫ ወደ ሙቀት ይለወጣል። እንግዲህ ዲስክ ማለት ሙቀት ተቀብሎ ለአየር የሚያስረክብ ብረት ነው።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ በፍሬን ብቻ ቢያዝ፣ የሚወጣው ሙቀት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሮጠ 25 ጊዜ ያህል ቀጥ ብሎ እንደ መቆም ነው። እዚህም ከዳህር ኤል ባይዳር ተራራ፣ ከ1,500 ሜትር ከፍታ ገደማ፣ ወደ ቤይሩት የሚወርድ ሰው ያውቀዋል። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ያቅተዋል፤ ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ እስከ ታች ይገባል።

2. የዲስክ ዓይነቶች

ሀ. ድፍን ዲስክ፦ አንድ ወጥ ብረት ነው። ብዙ ጊዜ በኋላ እግር ይገኛል።

ለ. መሐሉ ክፍት የሆነ፦ በሁለት ገጾች መካከል አየር ያልፋል፤ ቶሎ ይበርዳል። ከባዱን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ስለሆነ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገጠማል።

ሐ. ባለ መስመር፦ መስመሩ አቧራና ውሃ ይጠርጋል፤ ግን ሸራ ቶሎ ይበላል፣ ድምፅም ያሰማል።

መ. ባለ ቀዳዳ፦ በዝናብ ጊዜ ይረዳል፤ መልኩም ያምራል። ነገር ግን የተቀነሰው ብረት ሙቀት ይይዝ የነበረው ብረት ነው። በርካሽ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከቀዳዳው ጀምሮ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሠ. ሰፋ ያለ ዲስክ፦ ሙቀት በደንብ ይችላል፤ ግን ካሊፐሩ ካልተስማማና ቸርኬው ካልበቃ አይገባም።

ስለዚህ ለመንገድ መኪና ልኩ የሆነ፣ ጥራት ያለው፣ ቀዳዳ የሌለው ዲስክ ከጥሩ ሸራ ጋር ይበቃል።

3. ገንዘብ ከመላካችን በፊት የምንጠይቀው

• የዲስኩ ውፍረት ተለክቷል? ዝቅተኛው ልክ ብዙ ጊዜ በራሱ በዲስኩ ላይ ተጽፏል። ከዚያ በታች ከሆነ ቶርኖ አያድነውም፤ ይቀየራል።
• የሚቀየረው ግራና ቀኙ አብሮ ነው? ሸራውስ አዲስ ነው?
• የፍሬን ዘይቱ መቼ ተቀየረ? ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባው ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ደኅና ልማድ ነው።
• ቁልቁለት ላይ በከባድ ማርሽ ይወርዳል ወይስ ፍሬን ረግጦ?

እኅታችን እነዚህን ጥያቄዎች በስልክ ጠየቀችው። ለካ ልጁን ያስጨነቀው ዓባይ በረሃ ሲወርድ ፔዳሉ እየለሰለሰ መምጣቱ ነው። ዘይቱ መኪናው ከተገዛ ጀምሮ አልተቀየረም። ዲስኩ ሲለካ ገና ደኅና ነበር። ዘይትና የፊት ሸራ ቀየረ፤ በሁለተኛ ማርሽ መውረድም ጀመረ። ለባለ ቀዳዳው ዲስክ ልትልከው የነበረው ገንዘብ እጇ ላይ ቀረ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አብረውት የሚሳፈሩት ሰዎች ነፍስ አለ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከቤተሰብ «ይህን ላኪ» ስንባል ምክንያቱን እንጠይቃለን?
2. ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ የለሰለሰበት ሾፌር ምን ማድረግ አለበት? (ማርሽ ይቀንስ፤ ፔዳሉን ደጋግሞ ይርገጥ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ አድርጎ ይሳብ፤ ሲቆም ፍሬኑ እስኪበርድ ይጠብቅ።)

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ዛሬ ማታ ቤት ስትደውሉ የፍሬን ዘይቱን ጠይቁ።