ስለ ከሰል ኃይል ማመንጫና ስለ ሐዲዱ አፈታት

ባለፈው በጋ አያቴ አሮጌ ቤታቸውን ሲያፈርሱ ረድቻቸው ነበር። እኔ በጉልበቴ ተመክቼ ምሰሶውን ልነቅል ብነሣ፣ አያቴ እጄን ይዘው «ተው ልጄ፤ ቤት ሲፈርስ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል» አሉኝ። ስለዚህ አስቀድመን ቆርቆሮውን አወረድን፤ ቀጥሎ ወራጁንና ማገሩን ፈታን፤ ምሰሶውን የነቀልነው በመጨረሻ ነው። የተጣመመውንም ምስማር እያቀናን በጣሳ አጠራቀምን። ዛሬ ያ ቆርቆሮና ያ ምስማር በሌላ ቤት ላይ ይገኛል።

ውድ አንባብያን፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ትልቅ የኃይል ማመንጫ ከነሐዲዱ እንዴት እንደሚፈታ ማስረዳትና፣ በሥርዓት መፍታት ከማውደም በምን እንደሚለይ ማሳየት ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ቢመስልም መጨረሻው ከከሚሴ ደጃፍ ላይ ይደርሳል።

ከሰል እንዴት ኤሌክትሪክ ይሆናል?

አገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል የምታገኘው በአብዛኛው ከወንዝ ውሃ ስለሆነ፣ ብዙዎቻችን የከሰል ማመንጫ አይተን አናውቅም። ከሰል ስንልም ቡና የምናፈላበትን የእንጨት ከሰል ሳይሆን፣ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣውን የድንጋይ ከሰል ማለታችን ነው። ይህ ከሰል እንደ ዱቄት ተፈጭቶ በምድጃ ውስጥ ይነዳል፤ እሳቱ በቦይለር ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ እንፋሎት ይለውጣል፤ እንፋሎቱ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑም ጄኔሬተሩን በማዞር ኤሌክትሪክ ያስገኛል።

ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር፣ በኖቲንግሃም ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው ራትክሊፍ-ኦን-ሶር የተባለው ማመንጫ በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ተሠርቶ 2,000 ሜጋዋት የማመንጨት ችሎታ ነበረው። እንዲህ ያለ ማመንጫ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በቀን ወደ 20 ሺህ ቶን የሚጠጋ ከሰል ይበላል። ይህን ያህል ጭነት በመኪና ማመላለስ ስለማይቻል ሐዲድ እስከ ማመንጫው ግቢ ይዘረጋል። ባቡሩ ሳይቆም በዝግታ እያለፈ የፉርጎዎቹ ወለል ይከፈትና ከሰሉ ወደ ታች ይራገፋል፤ ከዚያም ባቡሩ በክብ ሐዲድ ዞሮ ይመለሳል። ስለዚህ ሐዲዱ የማመንጫው ጉሮሮ ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን የከሰል ጭስ አየርን የሚበክልና የምድርን ሙቀት የሚጨምር በመሆኑ፣ ሌላም የኃይል ምንጭ በመገኘቱ፣ እንግሊዞች ማመንጫዎቻቸውን አንድ በአንድ ዘጉ። እ.ኤ.አ. በጁን 2024 የመጨረሻው ባቡር 1,650 ቶን ከሰል ይዞ ራትክሊፍ ገባ፤ በሴፕቴምበር 30 ቀን ማመንጫው ሥራውን አቆመ። እ.ኤ.አ. በ1882 በለንደን የተጀመረው በከሰል ኤሌክትሪክ የማመንጨት ሥራም ከ142 ዓመት በኋላ በዚያ አገር አበቃ።

የአፈታቱ ሥርዓት

እንዲህ ያለ ማመንጫ ሲፈታ የአያቴ ደንብ ይሠራል። አንደኛ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ይቋረጣል፤ የቀረው ከሰል፣ ዘይትና ኬሚካል ይወጣል። ሁለተኛ፣ አስቤስቶስን የመሰለ ለሳንባ አደገኛ ነገር በሠለጠኑ ሰዎች እጅ ይለቀማል። ሦስተኛ፣ ለሌላ አገልግሎት የሚውሉ መሣሪያዎች ይነሣሉ፤ መዳብና ብረት ለየብቻ ይለያል። ከዚህ በኋላ ሕንፃውና ማማው ይፈርሳል፤ ኮንክሪቱ ተፈጭቶ ለመንገድ መሙያ ይሆናል፤ በመጨረሻም መሬቱ ከአመድና ከመርዝ ይጸዳል።

ሐዲዱም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ ከዋናው መስመር ይለያል፤ ይህም ሌላ ባቡር ተሳስቶ እንዳይገባ ነው። ቀጥሎ ማሰሪያዎቹ ይፈታሉ፤ ሐዲዱ ተነሥቶ ደኅናው ለሌላ መስመር፣ ያለቀው ለማቅለጫ ይመደባል፤ ከሥር የተጋደሙት አግዳሚዎችና ጠጠሩም ይለቀማሉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 በዚያው በእንግሊዝ አገር፣ ዲድኮት በተባለው የተዘጋ የከሰል ማመንጫ፣ የቦይለሩ ቤት ለማፍረስ በመዘጋጀት ላይ ሳለ በድንገት ተደርምሶ አራት ሠራተኞችን ገድሏል። እንግዲህ ማፍረስ ከመሥራት ያነሰ ዕውቀት የሚጠይቅ መስሎ የሚታየው ሰው ተሳስቷል።

ሐዲድ ያለ ሥርዓት ሲነሣ

ሐዲድ ሁሉ ግን አገልግሎቱን ጨርሶ በሥርዓት አይነሣም። ከምጽዋ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1911 አስመራ የገባው የባቡር መስመር በጦርነቱ ዘመን ሥራው ተቋርጦ፣ ሐዲዱና የብረት አግዳሚው እየተነቀለ ለምሽግ ሥራ ዋለ። መልሶ ለመሥራት በጡረታ ላይ የነበሩ አዛውንት የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው መጡ፤ ከየምሽጉ የተለቀመውን ብረት እያቀኑ ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 መስመሩን እንደገና አስመራ አደረሱት። በአጭር ጊዜ የተነቀለውን ለመመለስ ይህን ያህል ድካም ጠየቀ።

አሁን ወደ አገራችን ቀዬ እንመለስ። ከአዋሽ ተነሥቶ በእኛ ዞን በኩል ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታቀደው የባቡር መስመር ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሥራው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ ባቡሩ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ስለሆነ ከሰልም ነዳጅም አያሻውም። ነገር ግን ገና መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ጉዳትና ዘረፋ ደረሰበት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ጠባቂ ያጣ ብረት ብዙ እጅ ያርፍበታል።

ከእነዚያ እጆች አንዱ የእኔ ነው። በዚያን ጊዜ ከብት ስጠብቅ እንደ ሞላ የተጣጠፈ ወፍራም ብረት ከመስመሩ ዳር አንሥቼ ወደ ቤት ወሰድኩ። ለብዙ ጊዜ በር መደገፊያ ሆኖ ኖረ። በዚህ ዓመት ስለ ሐዲድ ሳነብ ግን የብረቱን ሥዕል በመጽሐፍ ላይ አየሁትና ደነገጥኩ፤ ሐዲዱን ከአግዳሚው ጋር አጥብቆ የሚይዘው ማሰሪያ ነው። አግዳሚዎቹ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ቢጋደሙና በእያንዳንዱ ላይ አራት ማሰሪያ ቢኖር፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ6 ሺህ 600 በላይ ያስፈልጋል። እኔ የወሰድኩት አንዱን ብቻ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ብሞክር ሒሳቡ አላስቻለኝም፤ 6 ሺህ 600 ልጆች አንዳንድ ቢያነሡ አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ልቅ ይሆናልና።

እንግሊዞች የፈቱት ሃምሳ ዓመት በላይ ያገለገላቸውን ነው፤ ያውም ቆጥረው፣ ለይተውና መዝግበው። እኛ ግን ገና ያላገለገለንን ብናፈርስ ምን እናተርፋለን? ለአሮጌ ቤት ምስማር የሚጠነቀቅ ሕዝብ ለአዲስ ሐዲድ ማሰሪያ አይጠነቀቅም ማለት አይቻልም። ስለዚህ እኔ ያቺን ብረት ይህ መጽሔት ከመውጣቱ በፊት ለቀበሌው አስረክባለሁ። በየቤታችሁ በር መደገፊያ ወይም የሚዛን ድንጋይ ሆና የተቀመጠች እንዲህ ያለች ብረት ካለች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እናንተም እንዲሁ እንድታደርጉ በትሕትና እለምናለሁ።