የኮሌስትሮል መድኃኒትና የደም ስኳር



ብዙዎች ከሕክምና ቤት ሲመለሱ የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። «ስኳርህ ወደ በሽታው ድንበር ተጠግቷል፤ ኮሌስትሮልህም ከፍ ብሏል ተብዬ ክኒን ታዘዘልኝ። ሰዎች ግን ክኒኑ ራሱ ስኳር ያመጣል ይላሉ። ልውሰደው ወይስ ልተወው?» ሰዎቹ የሚሉት ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ የነገሩን ግማሽ ብቻ ሰምቶ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ የሚያቆም ሰው ሕይወቱን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩን በቅደም ተከተል እንመልከተው።

1. ቅድመ ስኳር በሽታ ምንድር ነው?

በባዶ ሆድ በሚደረግ የደም ምርመራ፣ የስኳሩ መጠን በአንድ ዴሲሊትር 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ የስኳር በሽታ ይባላል። ከ100 እስከ 125 ያለው ደግሞ የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር በሚጠቀምበት መለኪያ ቅድመ ስኳር በሽታ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ110 ጀምሮ ይቈጥራል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሕመም አይሰማውም። ሆኖም ሰውነቱ ከቆሽት ለሚመነጨው ኢንሱሊን እንደ ቀድሞው አይታዘዝም፤ ልቡና የደም ሥሮቹም ከወዲሁ ለጉዳት የተጋለጡ ናቸው።

2. መድኃኒቱና ሥራው

ኮሌስትሮልን ለመቀነስ በብዛት የሚታዘዙት መድኃኒቶች በአንድነት ስታቲን ይባላሉ፤ አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን ከእነዚህ ወገን ናቸው። የዚህን ወገን የመጀመሪያ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1973 ከሻጋታ ያገኘው ጃፓናዊው ሳይንቲስት አኪራ ኤንዶ ነው። መድኃኒቱ ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን መንገድ ይገታል፤ ጉበትም የጎደለውን ለመተካት ኤል ዲ ኤል የተባለውን ጎጂ ኮሌስትሮል ከደም ውስጥ ይስባል። በዚህም የደም ሥሮች መጥበብና መዘጋት ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ የታተመውና በስካንዲናቪያ አገሮች በ4,444 የልብ ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት፣ ሲምቫስታቲን በወሰዱት ዘንድ ሞት በ30 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

3. ስኳርን ከፍ ያደርጋልን?

አዎን፣ በጥቂቱ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመና 91,140 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 13 ጥናቶች ያጠቃለለ ምርምር፣ 255 ሰዎች መድኃኒቱን ለ4 ዓመት ቢወስዱ አንድ ተጨማሪ ሰው በስኳር በሽታ እንደሚያዝ አስልቷል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2012 ይህ ማሳሰቢያ ከመድኃኒቱ መግለጫ ጋር እንዲጻፍ አድርጓል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ሰፊ ጥናት ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል። በአነስተኛና በመካከለኛ መጠን ሲሰጥ፣ በዓመት ከ1,000 ሰዎች 12 ያህሉ በስኳር በሽታ ይያዙ የነበሩት ወደ 13 ከፍ ብለዋል፤ በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ጭማሪው ይበልጣል። በመድኃኒቱ ምክንያት ከተጨመሩት ሕሙማን መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ግን አስቀድሞም ስኳራቸው ከፍ ብሎ የነበሩ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ መድኃኒቱ በድንበሩ አፋፍ ላይ የቆመውን ሰው ትንሽ ገፋ ያደርገዋል እንጂ ከድንበሩ የራቀውን ሰው ጎትቶ የሚያመጣ አይደለም።

4. የትኛው ያመዝናል?

ሮሱቫስታቲን በ17,802 ሰዎች ላይ የተፈተነበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 እንደገና ሲመረመር፣ ለስኳር በሽታ የሚያጋልጥ ምክንያት ባላቸው ሰዎች ዘንድ 54 አዳዲስ የስኳር ሕሙማን በተጨመሩበት ጊዜ 134 የልብና የደም ሥር አደጋዎች ወይም ሞቶች ቀርተዋል። የሁለቱ ጉዳት ጠባይም የተለያየ ነው። የስኳር ከፍ ማለት በምርመራ ይታወቃል፤ በአመጋገብ፣ በእንቅስቃሴና በመድኃኒትም ይታገሣል። ድንገት የተዘጋ የልብ ደም ሥር ግን ለብዙዎች ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። በእርግጥ ዕድሜው ገና የሆነና ለልብ ሕመም የመጋለጡ ነገር አነስተኛ የሆነ ሰው ሚዛኑ ሊለይ ይችላል፤ ይህን መዝኖ የሚወስነው ሐኪሙ ከታማሚው ጋር ተነጋግሮ ነው።

5. ምን እናድርግ?

ሀ. መድኃኒቱን በራሳችን ፈቃድ አናቁም። ጡንቻን የሚያም ነገር ከተሰማን፣ ወይም እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ፣ ሳንዘገይ ለሐኪም እንንገር።

ለ. መድኃኒቱን ከመጀመራችን በፊት፣ ከዚያም በኋላ ቢያንስ በየዓመቱ የደም ስኳራችንን እናስመርምር።

ሐ. እንንቀሳቀስ። በአሜሪካ 3,234 የቅድመ ስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት፣ ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብለው ለመራመድ የተጉት ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ እንደ ቀነሰ አረጋግጧል። ሜትፎርሚን የተባለው መድኃኒት የቀነሰው 31 በመቶ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ ክኒኑ የሚጨምረውን ያን ጥቂት ስኳር ከማካካስም አልፎ ይሄዳል።

መ. ማዕዳችንን እንመልከት። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጎመን ለስኳርም ለኮሌስትሮልም መልካም ናቸው። የጾም ወጥ ግን በሚረጋ የፓልም ዘይት ከተጥለቀለቀ፣ ሻዩም በስኳር ከተሞላ፣ ቅቤና ሥጋ ስለ ቀረ ብቻ ለልብ ይስማማል ማለት አይቻልም።

በየቁምስናው የምታስተምሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብላችሁ፣ ጠያቂውን ወደ ሐኪሙ መልሱት። ያላዘዘ ሰው አያስቁም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቅድመ ስኳር በሽታና በስኳር በሽታ መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?
2. ስታቲን ስኳርን ከፍ የሚያደርግ ከሆነ ሐኪሞች ስለ ምን ያዙታል?
3. በቤታችን ማዕድ ላይ በዚህ ሳምንት ልናስተካክለው የምንችለው ነገር የትኛው ነው?