የውሻና የድመት ሐኪም ቤት እንዴት ይመረጣል?

ውሻ ሌሊት በረቱንና ደጁን ይጠብቃል፤ ድመትም ጎተራውን ከአይጥ ትጠብቃለች። ሁለቱም ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ የገበሬ ረዳቶች ናቸው። ይሁን እንጂ በሬው ሲታመም ወዲያው ወደ ሐኪም የሚሮጠው ሰው ውሻው ሲታመም «ይተወዋል» ብሎ ዝም ይላል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ያልተከተበና ያልታከመ ውሻ የሚያመጣው ጉዳት በውሻው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ልጆችም ወደ ከብቶችም ይተላለፋል።

ነገሩ ለምን ያሳስባል?

በእብድ ውሻ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች ከመቶው 99 የሚሆኑት በሽታውን ያገኙት ከውሻ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን እጅግ ብርቅ ነው፤ አስቀድሞ መከላከል ግን ይቻላል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 የተነከሰ ልጅ ከትቦ ካዳነ ጀምሮ የክትባት ጥቅም የታወቀ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶው 70 ያህሉ በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች በሽታው ወደ ቀይ ቀበሮዎች ገብቶ ብዙዎቹን እንደ ጨረሰ ይታወሳል።

ሁለተኛው ጉዳት የኮሶ ትል ነው። የታረደ በግ ጭንቅላት ወይም ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ ሲጣል፣ ትሉ በውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር በግጦሽ ላይ ይበተናል። በጉ ያንን ሣር ሲበላ፣ እንደ ትሉ ዓይነት አንጎሉ ተነክቶ አንገቱን አጣሞ ይዞራል፣ ወይም ሳንባውና ጉበቱ ውሃ ይቋጥራል። ይህ ሁለተኛው ሰውንም ይይዛል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥጋ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት እንጂ ለውሻ አትጣሉ።

ሐኪም ቤቱን ስትመርጡ የምትመለከቱት

1ኛ. ባለሙያውን ጠይቁ። የሥራ ፈቃዱ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንደሆነ ተመልከቱ። የሚያክመው ዶክተር ነው ወይስ ረዳት ባለሙያ? ረዳቱ ክትባት መስጠትና ቀላል በሽታ ማከም ይችላል፤ ቀዶ ሕክምና ግን የዶክተር ሥራ ነው። በገበያ ቀን መድኃኒት በከረጢት ይዞ የሚዞረውን ሰው አትመኑ።

2ኛ. ክትባቱ የት እንደሚቀመጥ ተመልከቱ። የእብድ ውሻ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። በመደርደሪያ ላይ የዋለ ወይም በረዶ የሆነ ክትባት ሊያከሽፍ ይችላል፤ ውሻው ግን የተከተበ ይመስላል። ስለዚህ «መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ሐኪም ቤት በዚህ ጥያቄ አይቆጣም፤ ማቀዝቀዣውንና የሙቀት መለኪያውን ያሳያችኋል።

3ኛ. መርፌው ለእያንዳንዱ እንስሳ አዲስ ይሁን። ጠረጴዛውም ከእንስሳ እንስሳ መታጠብ አለበት።

4ኛ. ሳይመረምር መድኃኒት የሚሰጠውን ተዉት። ጥሩ ሐኪም መቼ እንደ ጀመረው፣ ምን እንደ በላ ይጠይቃል፤ ሙቀቱን ይለካል፤ ክብደቱንም ይመዝናል፤ የመድኃኒት መጠን የሚወሰነው በክብደት ነውና። ለበግ የሚሰጠው የትል መድኃኒት ለውሻ ኮሶ ትል አይበቃም፤ ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት እንዳላቸው ጠይቁ።

5ኛ. ወረቀት ተቀበሉ። በክትባት ካርዱ ላይ የክትባቱ ስም፣ የተሰጠበት ቀንና የሚደገምበት ቀን ይጻፍ። ቡችላ በ3 ወሩ ይከተባል፤ ከዚያም ሐኪሙ በሚያዝዘው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ፣ ይደገምለታል።

6ኛ. ርቀቱንና ዋጋውን አስቀድማችሁ እወቁ። የወረዳው ክሊኒክ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ለከብትና ለበግ ስለሆነ የውሻ ክትባት ሁልጊዜ አይገኝበትም። ስለዚህ ሳትሄዱ ቀኑን ጠይቁ። ቅርብ ሆኖ ክትባት ከሌለው ሐኪም ቤት ይልቅ፣ ራቅ ብሎ በደንብ የተቀመጠ ክትባት ያለው ይሻላል።

ስለ ድመት

ድመት ትንሽ ውሻ አይደለችም። ለሰው ራስ ምታት የሚሰጠው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። ለውሻ ቁንጫ ከሚሰጡት መድኃኒቶችም ፐርሜትሪን ያለባቸው ለድመት መርዝ ናቸው። የከብት መዥገር መድኃኒትም አትቀቧት። ስለ ድመት ሲጠየቅ «የውሻውን ግማሽ ስጧት» ብሎ የሚመልስ ሰው ካጋጠማችሁ ወደ ሌላ ሂዱ። ድመትም በእብድ ውሻ በሽታ ስለምትያዝ ትከተብ። ስትወስዷትም ክዳን ባለው ቅርጫት ያዟት።

አደጋ ሲደርስ

ውሻው ጠባዩ ከተለወጠ፣ ለሀጩ ከተዝረበረበ፣ መንጋጋው ከወደቀ አጥንት ያነቀው ሊመስላችሁ ይችላል። እጃችሁን ወደ አፉ ከቶ አታስገቡ! በር ዝጉበትና ባለሙያ ጥሩ።

ልጅ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡት፤ ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጠበል ለመውሰድ ያሰበም ሰው ይህን አስቀድሞ ይፈጽም፤ ክትባቱ አይዘግይ። የነከሰው ውሻ ጤነኛ ቢመስልም ለ10 ቀን ታስሮ ይጠበቅ። የእንስሳት ሐኪም ቤት ሰውን አያክምምና፣ ለሰው የሚሆነው ክትባት በየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚገኝ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ እወቁ። ልጁ ከተነከሰ በኋላ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ለልማት ሠራተኞች

አንዳንዱ የክትባት ብልቃጥ አንዴ ከተከፈተ ለብዙ ውሻ የሚበቃ ነው። ለአንድ ውሻ ብቻ ቢከፈት የተረፈው ይበላሻል፤ ስለዚህም ክሊኒኩ ገበሬውን «ሌላ ቀን ና» ብሎ ይመልሰዋል። በቀበሌያችሁ ያሉትን ውሾች ቁጠሩ፤ ከክሊኒኩ ጋር ቀን ቁረጡ፤ ጎረቤቶችም ውሾቻቸውን በገመድ አስረው በአንድነት እንዲያመጡ አድርጉ። ውሻ መያዝ ለልጆች አይሰጥ። ቁጥሩን በመዝገብ ጽፋችሁ፣ ከመቶው 70 ተከትበው እንደሆነ ተመልከቱ፤ ካልደረሰ ሁለተኛ ቀን ይቆረጥ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ሐኪም ቤት የሚመረጠው ውሻው ጤነኛ በሆነበት በዛሬው ቀን ነው።