የአሮጌ ፒክ አፕ መንቀጥቀጥ ከየት እንደሚመጣ መለየት

የማኅበሩ ፒክ አፕ ማዳበሪያ ጭኖ ሲሄድ ከሥር ከተንቀጠቀጠ ብዙዎች ጎማ ያስለውጣሉ። እኛ ግን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሙከራ እንመክራለን። ጭር ባለ ቀጥተኛ መንገድ ላይ፣ ንዝረቱ በሚሰማበት ፍጥነት፣ ፍጥነቱ ሳይለወጥ ማርሹ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ይግባ። የሞተሩ ዙር ጨምሮ ንዝረቱ እንደነበረ ከቀጠለ ጥፋቱ የካርዳኑ ወይም የጎማው ነው። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ካርዳኑ አራት ጊዜ ያህል ስለሚዞር፣ የጎማው ንዝረት ዘገምተኛ ሲሆን የካርዳኑ ፈጣንና ከእግር ሥር የሚርገበገብ ነው።

ጥርጣሬው በካርዳኑ ላይ ከሆነ መኪናው ሰው አይጫንበት። የፊተኛው ክሮቸራ ቢሰበር ካርዳኑ መሬት ላይ ተተክሎ መኪናውን ሊገለብጥ ይችላል።

ለምርመራ መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም፤ ሞተሩ ይጥፋ፣ ጎማዎቹ ፊትና ኋላ በድንጋይ ይታገዱ፣ ማርሹ ፎሌ ይሁን። ካርዳኑን በእጅ ይዞ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች መነቅነቅ ነው። ክሮቸራው ጥቂት እንኳ ከተላወሰ፣ ወይም በቆቦቹ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ከታየ (ብዙ ጊዜ የመንገድ አቧራ ነው ተብሎ ይታለፋል) ግሪስ አያድነውም፤ ይለወጥ። መካከለኛ ኩሽኔታ ካለውም ይታይ።

ካርዳኑ ከመፈታቱ በፊት መጋጠሚያዎቹ በቀለም ምልክት ይደረግባቸው። ሲገጠም ከቀድሞ ቦታው ከተዛወረ አዲስ ክሮቸራ ገብቶም ንዝረቱ ላይጠፋ ይችላል።